የእንጨት መላጊያ መኪና ፍጥነት እንዴት እንደሚመረጥ

አንድ የዝግባ ወይም የጥድ ዛፍ ለመጋዝ የሚበቃ ግንድ እስኪሆን ድረስ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ይፈጃል። ዛፉን ለመጣል አንድ ቀን፣ ግንዱን ሰንጥቆ ሳንቃ ለማውጣትም ጥቂት ሰዓት ይበቃል። የወጣውን ሳንቃ በመላጊያ መኪና ላይ ለማበላሸት ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አያስፈልግም። ችግኙን በማሳደግ፣ ደኑን ከእሳት በመጠበቅ፣ ግንዱን ከተራራ በማውረድ የተደከመው ድካም ሁሉ ዋጋውን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚህ በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ በግዛቱ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሹም፣ ለሽያጭ የሚበቃ ዛፍ ያለውም ባለ ይዞታ ይህን ነገር አቃሎ ሊያየው አይገባም።

በየወረዳው የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ፣ የጤና ጣቢያ በርና መስኮት፣ የንብ ቀፎና የእህል ማስቀመጫ ሣጥን ይሠራል። ሥራውን የሚያዘው፣ ዋጋውን የሚከፍለው፣ የተሠራውንም ተመልክቶ የሚረከበው ሹሙ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ስለ ቀን ብቻ ይናገራል፤ ሥራው እስከዚህ ቀን ይጠናቀቅ ይላል እንጂ እንጨቱ እንዴት ሆኖ ተልጎ መቅረብ እንዳለበት አይናገርም። አናጢውም ቀኑ ሲደርስበት የመኪናውን ፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ከዚህ የሚመጣው ጉድለት በዕለቱ ጎልቶ አይታይም፤ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ግን ሞገዱና ፍንቅሉ አንድ በአንድ ይወጣል። ያን ጊዜ ሳንቃውን ወደ ዛፍነት የሚመልሰው የለም።

ሹም አናጢ እንዲሆን አይጠየቅም። ነገር ግን ትክክለኛው ፍጥነት በግምት ወይም በሠራተኛው ጠባይ የሚወሰን ሳይሆን በሒሳብ የሚገኝ መሆኑን፣ በአንድ የእጅ ሰዓትና በአንድ መስመሪያም ሊመረመር የሚቻል መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ይህን ያወቀ ሹም የሚያዘውን ነገር ለክቶ ያዛል፤ ሲረከብም መርምሮ ይረከባል።

ስለ መኪናው አሠራር

የመላጊያ መኪና ሳንቃው የሚሄድበት የብረት ገበታ አለው። ከገበታው በላይ እጅግ ፈጥኖ የሚዞር ዘንግ ይገኛል፤ በዘንጉም ላይ 2፣ 3 ወይም 4 ረጃጅም ስለቶች ተተክለዋል። ከዘንጉ በፊትና በኋላ ሩሎዎች አሉ፤ ሥራቸውም ሳንቃውን ይዘው በስለቱ ሥር ማሳለፍ ነው። ሩሎዎቹ ሳንቃውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሚያስኬዱት የሚነገረው ቁጥር የማሳለፊያ ፍጥነት ይባላል። አንዳንዱ መኪና አንድ ፍጥነት ብቻ አለው፤ አንዳንዱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አለው፤ በሌላው ደግሞ ሠራተኛው እንደ ፈቀደ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ቀድሞ ሳንቃ የሚለሰልሰው በመጥረቢያ ተጠርቦ ከዚያም በእጅ መላጊያ ተልጎ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሳሙኤል ቤንታም የተባለው ብልኅ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ስለ መላጊያ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። በአሜሪካም ዊልያም ውድወርዝ በ1828 የሚዞር ስለትና ሳንቃውን የሚያሳልፉ ሩሎዎች አንድ ላይ ያሉበትን መኪና በስሙ አስመዘገበ፤ መብቱም ተደጋግሞ ተራዝሞ እስከ 1856 ድረስ ጸና። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የመላግ ፍጥነት ከአናጢው ክንድ ወጥቶ ወደ መኪናው ጥርስ ገባ። ክንድ ሲደክም ይዘገያል፤ አንጓ ሲያገኝም ይጠነቀቃል። መኪና ግን ሰው ያዘዘውን ብቻ ስለሚያደርግ አዛዡ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ሆነበት።

ስለ ሒሳቡ

የእጅ መላጊያ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቀጥ ያለ ገጽ ይተዋል። የመኪናው ስለት ግን በክብ እየዞረ ስለሚቆርጥ በእያንዳንዱ ምት ከሳንቃው ላይ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳል። ስለዚህ በመኪና የተላገ ሳንቃ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በእውነቱ ተከታትለው የቆሙ ጥቃቅን ሞገዶች የሞሉበት ነው። ሞገዶቹ ሲቀራረቡ እጅም ዓይንም አያገኛቸውም፤ ሲራራቁ ግን በግልጽ ይታያሉ። የማሳለፊያ ፍጥነትን መምረጥ ማለት እንግዲህ በሞገድና በሞገድ መካከል የሚኖረውን ርቀት መምረጥ ማለት ነው።

ርቀቱ የሚገኘው እንዲህ ነው። በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው የሳንቃ ርዝመት በሚሊሜትር ይጻፋል፤ ይህም ዘንጉ በአንድ ደቂቃ በሚዞረው ዙር ይካፈላል። የዘንጉ ዙር በመኪናው ላይ ተጽፎ ካልተገኘ ከሞተሩ ይሰላል። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 2,880 ጊዜ የሚዞር፣ በሞተሩ ላይ ያለው የቺንጋ መዘውር 150 ሚሊሜትር፣ በዘንጉ ላይ ያለው መዘውር ደግሞ 90 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 2,880 በ150 ተባዝቶ ለ90 ሲካፈል 4,800 ይሆናል። ዘንጉ እንግዲህ በደቂቃ 4,800 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ዘንጉ 3 ስለት ካለው በደቂቃ 14,400 ምት ይመታልና ሳንቃው በደቂቃ 8 ሜትር ሲያልፍ የሞገዱ ርቀት 0.56 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል ብለው ያስባሉ። ይህ የሚሆነው ሦስቱ ስለቶች ፍጹም እኩል ቢሆኑ ነው። በእጅ የተተከሉ ስለቶች ግን ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ያም ከፍ ያለው ስለት የሌሎቹን ምልክት እየደመሰሰ የራሱን ብቻ ይተዋል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ዘንጉ እየዞረ ሳለ ስለቶቹን በሞረድ ድንጋይ እኩል የሚያደርግ መሣሪያ አለ፤ በወረዳ ሥራ ቤት ግን ይህ አይገኝም። ስለዚህ ሞገዱን እንደ አንድ ስለት ሥራ አድርጎ መቁጠር ይሻላል። በዚህ ሒሳብ 8,000 ሚሊሜትር ለ4,800 ሲካፈል 1.67 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በሳንቃው ላይ የሚታየውም ርቀት ይኸው ነው። የቀሩት ሁለት ስለቶች ግን ሥራ ፈት አይደሉም፤ እንጨቱን በመቁረጥ ሸክሙን ይካፈላሉ።

በዚሁ መኪና ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 6 ሜትር ሲሆን ርቀቱ 1.25 ሚሊሜትር፣ 12 ሜትር ሲሆን 2.5 ሚሊሜትር፣ 16 ሜትር ሲሆን 3.33 ሚሊሜትር ይሆናል። በእንጨት ሥራ የተለመደው መለኪያም ይህ ነው፤ ለጠረጴዛ፣ ለቁም ሣጥንና ይህን ለመሰለ ዕቃ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር፣ ለበርና ለመስኮት እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ዓይን ለማያየው የጣራ እንጨትና ለዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይፈቀዳል። ከዚህ በላይ የሆነው በመላጊያ መኪና ውስጥ አለፈ ይባላል እንጂ ተላገ ለማለት ያስቸግራል።

ደግሞም የሞገዱ ጥልቀት ከርቀቱ ጋር እኩል እንደማያድግ ሊታወቅ ይገባል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ6 ወደ 12 ሜትር ያሳደገ ሠራተኛ ጊዜውን በግማሽ ሲቀንስ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የሚወጣውን ጉድጓድ አራት እጥፍ ያደርገዋል።

መፋጠን ስለሚያመጣው ጉዳት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ በመፋጠን ተገኘ የሚባለው ጊዜ ሲመረመር እምብዛም አይደለም። እያንዳንዳቸው 4 ሜትር የሆኑ 100 ሳንቃዎች ቢኖሩ ጠቅላላው ርዝመት 400 ሜትር ነው። በደቂቃ 8 ሜትር ሲታለፍ ሥራው 50 ደቂቃ፣ በ16 ሜትር ሲታለፍ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ የተገኘው ትርፍ እንግዲህ 25 ደቂቃ ነው። በፍጥነቱ ምክንያት የሻከረውን ለማለስለስ እያንዳንዱ ሳንቃ አንድ ደቂቃ ብቻ የሚጨምር የእጅ ሥራ ቢፈልግ 100 ደቂቃ ይጠፋል፤ ለብርጭቆ ወረቀት የሚወጣውም ገንዘብ በዚያ ላይ ይጨመራል።

ከሞገዱ የሚብስ ጉዳትም አለ። ሳንቃው ሲፈጥን እያንዳንዱ ስለት በአንድ ምት የሚወስደው ፍቅፋቂ ይወፍራል። የወፈረ ፍቅፋቂ ከመቆረጥ ይልቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ከስለቱ በታች ጠልቆ ይገባና ሳንቃውን ይፈነቅለዋል። ፍንቅሉ ከሞገድ ይልቅ እጅግ የጠለቀ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይወጣም፤ ሳንቃው እንደ ገና ሊላግ ግድ ይሆናል። 25 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው የታሰበው ሳንቃ በዚህ ምክንያት 22 ሚሊሜትር ሆኖ ይቀራል። ወፍራሙም ፍቅፋቂ በብዛት ሲወጣ ከመኪናው ፈጥኖ ስለማይጠረግ ከሩሎው ሥር ገብቶ በተላገው ገጽ ላይ ይታተማል። ከዚህም ጋር ሞተሩ ይጨነቃል፤ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ የዘንጉም ዙር ይቀንሳል። ዙሩ ከ4,800 ወደ 4,000 ቢወርድ በ8 ሜትር ፍጥነት 1.67 የነበረው ርቀት 2 ሚሊሜትር ይሆናል። የሥራው መልክ እንዲህ የሚለዋወጠው ማንም ሰው የፍጥነቱን መዘውር ሳይነካው ነው።

መዘግየት ስለሚያመጣው ጉዳት

ፍጥነት ከጎዳ ዝግታ ያድናል ብሎ መኪናውን እጅግ ማዘግየትም ስሕተት ነው። 3 ስለት ባለው በዚያው መኪና ላይ ሳንቃው በደቂቃ 2 ሜትር ብቻ ቢያልፍ፣ በአንድ ምት ወደ ስለቱ የሚደርሰው ከ0.14 ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለቱ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ሲያገኝ ከመቁረጥ ይልቅ ያሻል። መታሸቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ስለቱን ያደነዝዛል፤ ሙጫ ያለበትን እንጨት ያጠቁራል። የታሸውም ገጽ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሰው ሲያየው በጣም የለሰለሰ ይመስለዋል። ነገር ግን የእንጨቱ ቀዳዳዎች ስለ ተደፈኑ ኮላም ቫርኒሽም ወደ ውስጥ አይገባለትም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተጣበቀው ይላቀቃል፤ የተቀባውም ይላጣል።

ሳንቃው በመንገድ ላይ ፈጽሞ ቢቆም ደግሞ ዘንጉ በአንድ ቦታ እየዞረ እንጨቱን ይቦረቡራል፤ ያቃጥለዋልም። ስለዚህ ሠራተኛው አንዱ ሳንቃ ሳያልቅ የሚቀጥለውን ከጭራው አስጠግቶ በተከታታይ ማስገባት አለበት። እንዲህ ሲደረግ መኪናው ሥራ አይፈታም፤ በሳንቃው ጫፍና ጫፍ ላይ የሚወጣውም ጉድጓድ ይቀንሳል።

የእንጨቱን ጠባይ ስለ ማወቅ

ከላይ የተነገረው ሒሳብ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን እንጨቱ ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው ድርቀቱ ነው። እርጥብ እንጨት ሲላግ ጅማቱ በደንብ ሳይቆረጥ እንደ ጠጉር ይቆማል፤ ከደረቀ በኋላም ይጣመማል። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን እንጨት የያዘው ውኃ ከደረቁ ክብደቱ ከመቶ 12 እስከ 15 እጅ ሲሆን ይበቃል። ይህን ለማወቅ ከሳንቃው መካከል ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይመዘናል፤ ከዚያም በ103 ዲግሪ ሙቀት ክብደቱ መቀነሱን እስኪተው ድረስ በምድጃ ይደርቃል፤ እንደ ገናም ይመዘናል። 115 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ ውኃው ከመቶ 15 ነበር ማለት ነው። ያልደረቀ እንጨት በየትኛውም ፍጥነት ቢታለፍ መልካም ሥራ አይወጣውም።

ሁለተኛው የጅማቱ አቅጣጫ ነው። ጅማቱ ወደ ላይ እየወጣ ስለቱን ከተቀበለ ይፈነቀላል፤ ሳንቃው ዞሮ በሌላው ጫፉ ሲገባ ግን ያው ፍጥነት ምንም ጉዳት ሳያደርስበት ያልፋል። ስለዚህ ፍንቅል በታየ ጊዜ ፍጥነቱን ከመቀነስ በፊት ሳንቃውን አዙሮ መሞከር ይገባል።

ሦስተኛው የዛፉ ዓይነት ነው። ዋንዛ ለመሣሪያ የሚገራና ቀለል ያለ እንጨት ስለሆነ በተሳለ ስለት ብዙ አያስቸግርም። ዝግባም ጅማቱ ቀጥ ያለና ወጥ ስለሆነ በመካከለኛ ፍጥነት ደኅና ይላጋል። ጥድ ጅማቱ ደቃቅ ነው፤ ነገር ግን የቅርንጫፍ አንጓ ይበዛበታል፤ በአንጓውም ዙሪያ ተሰባሪ ስለሆነ አንጓ የበዛበት ሳንቃ በዝግታና በጥቂት ጥልቀት መታለፍ አለበት። ወይራ ከባድና ጠንካራ፣ ጅማቱም የተወላገደ ስለሆነ በደቂቃ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቀረሮ በውስጡ እንደ አሸዋ ያለ እጅግ ደቃቅ ነገር ስላለበት ስለቱን ቶሎ ያደነዝዛል፤ ሠራተኛው ስለቱን ደጋግሞ መመርመር አለበት።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተተከለ ወዲህ በደጋውና በወይና ደጋው ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ባለ ይዞታዎችም አብዛኛውን ጊዜ ለማገዶና ለቤት ማቆሚያ ይሸጡታል። ሳንቃ ሆኖ ሲሸጥ ዋጋው ይበልጣል፤ ነገር ግን ጅማቱ የተጠማዘዘ፣ በውስጡም የታመቀ ኀይል ያለበት ስለሆነ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፤ ፈጥኖ ሲደርቅም ይተረተራል። በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ፣ ከዚያም በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሜትር ባለው ፍጥነት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተወሰደለት የተላገ ባሕር ዛፍ ጠንካራ የቤት ዕቃ ይወጣዋል። በችኮላ የተላገው ግን ወደ ማገዶ ዋጋው ይመለሳል።

ፍጥነቱ የማይለወጥ መኪና ያለው ሥራ ቤት ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም፤ በአንድ ጊዜ የሚወሰደውን ጥልቀት መቀነስ አብዛኛውን ችግር ያቃልላል። በትንሽ መኪና ለማሻከሪያ እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ለመጨረሻው ማለስለሻ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊሜትር ቢወሰድ መልካም ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ 15 ሳንቲሜትር ካለው እጥፍ ኀይል ስለሚፈልግ ሳንቃው ሲሰፋ ጥልቀቱም መቀነስ አለበት።

የሥራውን ዓላማ አስቀድሞ ስለ መለየት

ሁሉን ሥራ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሠራትም ገንዘብ ማባከን ነው። የፍሬም ቀፎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ንቦች በፍሬሞቹ መካከልና ዳር የሚተዉት መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ክፍተቱ ከዚህ ሲያንስ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ሲበልጥም ሰፈፍ ይሠሩበታል፤ ያን ጊዜ ፍሬሙን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ለቀፎ የሚያስፈልገው የሳንቃው ውፍረት ከዳር እስከ ዳር፣ ከአንዱ ሳንቃ እስከ ሌላውም እኩል መሆኑ ነው። የገጹ ልስላሴ ግን ለንቧ ግድ አይሰጣትም፤ 2.5 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ሞገድ ማሩን አይቀንሰውም። ቀፎ እንግዲህ በ12 ሜትር ፍጥነት ሊላግ ይችላል፤ ጥልቀቱ ግን ጥቂት፣ የመኪናውም ገበታ የተስተካከለ ይሁን። ልጆች ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ግን በ6 ሜትር ይላግ። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ፍጥነት የሚያሠራ ሥራ ቤት ወይ ጊዜውን ወይ እንጨቱን ያጠፋል።

ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል

መኪና ሲገዛ የተሠራበት አገር መጠየቅ አለበት። በኢትዮጵያ ያለው የኤሌክትሪክ ኀይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን በአሜሪካ ያለው ግን 60 ጊዜ ይመላለሳል። ለ60 የተሠራ መኪና በጽሑፉ ላይ የዘንጉ ዙር 5,760 ነው ቢል በ50 ሲሠራ 4,800 ብቻ ይዞራል። ሩሎዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ያው ሞተር ከሆነ ፍጥነታቸው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የሞገዱ ርቀት አይለወጥም። ሠራተኛው የቀነሰውን ፍጥነት ለመመለስ የሩሎዎቹን መዘውር የለወጠ እንደ ሆነ ግን ርቀቱ ይሰፋል። እንዲህ ያለው ሞተር በ50 እንዲሠራ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑም ከሻጩ መረጋገጥ ያስፈልገዋል፤ ያልተፈቀደው ሊቃጠል ይችላልና።

ሹሙ እንዴት ሊመረምር እንደሚችል

ፍጥነቱን ለመለካት 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ይበቃል። የሳንቃው ፊት ወደ መኪናው ከገባበት ጀምሮ ጭራው እስኪገባ ድረስ ያለው ሴኮንድ በሰዓት ይቆጠራል፤ ከዚያም 120 በዚያ ቁጥር ይካፈላል። 20 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በደቂቃ 6 ሜትር፣ 15 ሴኮንድ ከፈጀ 8 ሜትር፣ 10 ሴኮንድ ከፈጀ 12 ሜትር ነው።

የተላገውን ሳንቃ ለመመርመር ደግሞ መኪናው መኖር እንኳ አያስፈልገውም። ሳንቃው ብርሃን ከጎኑ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። እርሳስ ተጋድሞ በገጹ ላይ ቀስ ብሎ ሲታሽ የሞገዶቹ ጫፎች ይጠቁራሉ። ከዚያም መስመሪያ ተደርጎ በ50 ሚሊሜትር ውስጥ ያሉት ጥቁር መስመሮች ይቆጠራሉ። 40 መስመር ከተገኘ ርቀቱ 1.25 ሚሊሜትር ስለሆነ ለማናቸውም የቤት ዕቃ ይሆናል። 30 ከተገኘ ለበርና ለመስኮት ይበቃል። 20 ከሆነ ለቀፎና ለጣራ እንጨት እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም። 15 ብቻ ከሆነ ሠራተኛው ቸኩሏል ወይም መኪናው ታሟል።

በዚህ ምርመራ ላይ ፍርድ እንዳይጓደል ጉድለቱን ከምክንያቱ ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። በሳንቃው ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከፍ ያለ መስመር ቢታይ ከስለቱ ላይ ጥቂት ተሸርፏል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን መቀነስ አያጠፋውም። በሳንቃው ጫፍ ላይ ብቻ ጉድጓድ ቢታይ የሩሎው ወይም የገበታው አቀማመጥ ይስተካከል። በአንድ ቦታ ብቻ ፍንቅል ቢታይ የጅማቱ አቅጣጫ ይመርመር። ከዳር እስከ ዳር በሥርዓት ተከታትሎ የቆመ ሰፊ ሞገድ ሲታይ ግን ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው። ይህን ሳይለይ በሠራተኛው ላይ የሚፈርድ ሹም የመኪናውን በደል በሰው ላይ ይጭናል፤ ጉድለቱም በሚቀጥለው ሥራ ላይ ይመለሳል።

ስለ ሠራተኛው ደኅንነት

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰው አካል ይጠበቅ። ሩሎ የሌለውና ሠራተኛው ሳንቃውን በእጁ እየገፋ የሚልግበት ሌላ ዓይነት መኪና አለ፤ በዚህኛው ላይ የማሳለፊያ ፍጥነት ማለት የሰው እጅ ፍጥነት ነው። በቀድሞ ዘመን በዚህ መኪና ላይ ስለቱን የሚይዘው ዘንግ አራት ማዕዘን ስለ ነበር ብዙ ጣቶችን ቆርጧል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በክብ ዘንግ መተካት የጀመረውም ስለዚህ ነው። ክብ ዘንግም ቢሆን ለሚቸኩል እጅ አይራራም። ስለቱ መሸፈኛ ሊኖረው፣ አጭር እንጨትም በመግፊያ ጣውላ ሊገፋ ይገባል። ባለ ሩሎውም መኪና ከፊተኛው ሩሎ እስከ ኋለኛው ካለው ርቀት ያጠረ እንጨት አይግባበት፤ ሠራተኛው ከሳንቃው ትይዩ ሳይሆን ከጎኑ ይቁም፤ ሳንቃው ወደ ኋላ ሲወረወር እንደ ጦር ይመታልና። መኪናው ሳይቆም ማንም እጁን አያስገባ። ሥራው በጣም በሚጣደፍበት ሰሞን እነዚህ ጥንቃቄዎች ቀድመው የሚዘነጉ ስለሆኑ የሹሙ ቁጥጥር ያን ጊዜ ይጥበቅ።

በትእዛዝ ላይ ሊጻፍ ስለሚገባው

በውል ላይ ቀንና ዋጋ ብቻ ሲጻፍ አናጢው የሚጠብቀው ቀንና ዋጋን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ አራት ነገሮች ይጨመሩ፤ ይኸውም የእንጨቱ ዓይነትና የድርቀቱ ልክ፣ ከተላገ በኋላ የሚኖረው ውፍረት፣ በ50 ሚሊሜትር ውስጥ ሊቆጠር የሚገባው የመስመር ቁጥር፣ እንዲሁም ሥራው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ተልጎ ለሹሙ የሚቀርብ አንድ የናሙና ሳንቃ ነው። ናሙናው ተመርምሮ ከተፈቀደ በኋላ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ርክክቡም ከእርሱ ጋር በማስተያየት ይፈጸም። የቀኑም ልክ ከዚህ ጋር ይታሰብ፤ ለጠረጴዛ 6 ሜትር ፍጥነት ያዘዘ ሹም በ16 ሜትር ፍጥነት ብቻ ሊደረስበት የሚችል ቀን ሊቆርጥ አይገባውም። ትምህርት ቤት በመስከረም የሚከፈት ከሆነ እንጨቱ በክረምቱ መካከል ሳይሆን ገና በበጋ ታዝዞ ይድረቅ።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። ከመኪናው ላይ በመፋጠን የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በእርሱ ምክንያት የሚጠፋው ግን የብዙ ዓመት ዛፍ፣ የሕዝብ ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም የሠራተኛ ጣት ነው። በመስመሪያ አርባ መስመር መቁጠር ለማንም ሹም አይከብደውም፤ ይህን ያደረገም በግዛቱ የሚቆረጠው እያንዳንዱ ግንድ ተገቢውን ዋጋ እንዲያወጣ ያደርጋል።